የሰፈራችን አውቶቡስ በቁጥር ሲታይ

ዛሬ የምናወራው ስለ አውቶቡስ ነው። «አውቶቡሱ አይመጣም» ብሎ ማማረር ቀላል ነው፤ የሚሰማን ግን የለም። ያው ቅሬታ በቁጥር ሲቀርብ ችላ ለማለት ይከብዳል።

እስቲ ስቶክሆልምን እንይ። የስዊድን ዋና ከተማ በ2006 መሀል ከተማ በሚገቡና በሚወጡ መኪኖች ላይ ለሰባት ወር የሙከራ ክፍያ ጣለች። ቀደም ብላም አውቶቡስ ጨምራ ነበር። ብዙ ሰው መጀመሪያ አልወደደውም። ነገር ግን መኪናው ከሙከራው በፊትም በሙከራው ጊዜም ተቆጥሮ ስለነበር፣ ትራፊኩ በ20 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ታየ። በዚያው ዓመት ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው የከተማው መራጭ ደገፈው፤ በ2007 ክፍያው ቋሚ ሆነ።

እሺ፣ ታዲያ ያገኘነውን ቁጥር ሁሉ እናወዳድር? አይሆንም። አንዱ ከተማ ጠዋት 200 የአውቶቡስ ጉዞ አለው፣ ሌላው 100 እንበል። የመጀመሪያው የተሻለ ይመስላል አይደል? ግን የመጀመሪያው 400,000፣ ሁለተኛው 100,000 ነዋሪ ካላቸው፣ ለ10,000 ሰው የሚደርሰው 5 እና 10 ጉዞ ነው። ነገሩ ተገለበጠ!

ቀኑም ልዩነት ያመጣል። የቴል አቪቭ ቀላል ባቡር ቀዩ መስመር በ2023 ተከፈተ፣ በሻባትም አይሠራም። የቪየና ሜትሮ ግን ከ1978 ጀምሮ አለ፣ ቅዳሜም ይሠራል። ስለዚህ የሁለቱን የዓመት ድምር ብቻ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሳስታል። ማክሰኞን ከማክሰኞ ጋር እናወዳድር።

የተባበሩት መንግሥታት የሚጠቀምበት መለኪያም አለ፦ ከቤት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ 500 ሜትር፣ እስከ ባቡር ጣቢያ 1 ኪሎ ሜትር። ግን ማቆሚያው ደጃፋችን ላይ ሆኖ አውቶቡሱ በሰዓት አንዴ ከመጣ ምን ዋጋ አለው? ርቀቱንም ድግግሞሹንም አብረን መለካት አለብን።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? የእስራኤል ትራንስፖርት ሚኒስቴር የአውቶቡሶችን የጊዜ ሰሌዳ መረጃ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ሰፈራችሁንና በነዋሪ ብዛት የሚቀራረብ ሌላ ሰፈር ምረጡ። በሥራ ቀን፣ በእስራኤል ሰዓት ጠዋት ከ5 እስከ 8፣ በሁለቱም ስንት አውቶቡስ እንዳለ ቁጠሩ። ከዚያ ማቆሚያው ላይ ቆማችሁ በእውነት የመጣውን መዝግቡ፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ አይመጣምና። አንድ ቀን አይበቃም፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይሁን። ውጤቱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለዒሪያው አስገቡ።

ጎህ ሳይቀድ ለሥራ የሚወጡ ወላጆቻችን የሚጠብቁት ያንን አውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ የሚታመን ከሆነ፣ መኪና ለመግዛት ዕዳ ውስጥ የሚገባው ቤተሰብ ይቀንሳል፤ መንገዱም ጭሱም ይቀላል።

የቆጠራችሁትን ላኩልን፤ በሌላ ዝግጅት አብረን እናየዋለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ!