«ኦርጋኒክ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ማር ሻጩ ማሩን፣ እንቁላል ነጋዴው እንቁላሉን «ኦርጋኒክ ነው» ይላል። የግብርና ባለሙያው ደግሞ የአፈሩ ኦርጋኒክ ይዘት መቀነሱን ለአርሶ አደሩ ይነግራል። ሁሉም የሚጠቀሙበት ቃል አንድ ቢሆንም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። ልዩነቱን አለማወቅ ገንዘብ ያስከፍላል፤ አንዳንዴም ጤናን ይጎዳል።

የእንግሊዝኛው ቅጽል ምንጭ «መሣሪያ» የሚል ፍች ያለው የግሪክ ቃል ነው። ቆይቶ ለሰውነት ክፍል፣ ከዚያም ሕይወት ላለው ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የአፈር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትም በዚህ ትርጉም ነው፤ በአፈር ውስጥ የበሰበሰን ቅጠል፣ ሥርና ፍግ ለማመልከት ነው። ይህ ብስባሽ እርጥበት ይይዛል፤ ለሰብሉም ምግብ ይሆናል።

የሚያደናግረው የኬሚስትሪው ትርጉም ነው። በኬሚስትሪ «ኦርጋኒክ» የሚባሉት በጥቅሉ የካርቦን ውህዶች ናቸው፤ ከፋብሪካም ይውጡ ከማሳ ለውጥ የለውም። አርሶ አደሩ በየዓመቱ የሚገዛው ዩሪያ እንኳ በዚህ አነጋገር ኦርጋኒክ ነው። በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ይህን ውህድ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 በቤተ ሙከራ ሠርቶታል። ነፍሳትን የሚገድለው ማላታዮንም ኦርጋኒክ ፎስፌት ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ የሰውንም ነርቭ ያውካል። ስለዚህ በፀረ ተባይ ዕቃ ላይ ቃሉን ያየ አርሶ አደር ያለ ጓንትና ጭምብል ሊረጭ አይገባም።

በኦርጋኒክ ግብርና ግን ከፋብሪካ የወጣ ዩሪያ የተከለከለ ነው። እዚህ ላይ ቃሉ የሕግ ቃል ነው፤ በኢትዮጵያም የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 488/1998 ተደንግጓል። በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ማዳበሪያ ቡና ያለማ ገበሬ ምርቱን ለአውሮፓ ገበያ «ኦርጋኒክ» ብሎ ለማቅረብ ምርመራና የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ኬሚካል ሲጠቀም የቆየ የቡና ማሳ ደግሞ ቢያንስ የ3 ዓመት የሽግግር ጊዜ ይጠበቅበታል። «እኔ ኬሚካል አልነካሁም» ማለት ለገዥው አይበቃም።

ኮምፖስትን ከዩሪያ ጋር አቀናጅቶ የሚጠቀም አርሶ አደር ጥፋት የለበትም፤ እንዲያውም አሠራሩ የሚመከር ነው። ምርቱን ኦርጋኒክ ብሎ መሸጥ ግን አይችልም።

ለከተማው ሸማች ሌላም ጉዳይ አለ። ባልበሰበሰ ፍግ የለማ ሰላጣ ሰው ሠራሽ ኬሚካል ባይነካውም የወስፋት እንቁላል ሊኖርበት ይችላል፤ በሚገባ ሳይታጠብ ጥሬውን አይበላም።