ጤፉ ሲጫን ሥራውም አብሮ እንዳይጫን

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በየዓመቱ ሁለት ዓይነት ጉዞ ያስተናግዳል። አንደኛው አውድማ ሲጸዳ ጤፍና ስንዴ የጫኑ መኪኖች ወደ ትልልቅ ከተሞች የሚያደርጉት ነው። ሁለተኛው በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም በኋላ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርዱ ወጣቶች ጉዞ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር አለ። እህሉ ሳይበጠር፣ ሳይፈጭና ሳይታሸግ ሲወጣ፣ የመበጠሩ፣ የመፍጨቱና የማሸጉ ሥራም አብሮት ከአካባቢው ይወጣል።

ወደ ቆላ የሚወርደው ወጣት የሚያገኘው ሥራ የወራት ነው። ወባና ካላዛር በእነዚህ የእርሻ አካባቢዎች በቀን ሠራተኞች ላይ የሚበረቱ በሽታዎች መሆናቸው ይታወቃል። ብዙው ቅጥር የቃል ስምምነት ብቻ በመሆኑም ክፍያ ሲጓደል ማስረጃ ማቅረብ ያስቸግራል። ስለዚህ በቢቸናና በሞጣ ሥራ መፍጠር ሲባል ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የሥራው ዓይነትም ሊታሰብበት ይገባል።

ጨዋ ሥራ ምንድን ነው?

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ መርሑ ያደረገው ጨዋ ሥራ የሚባለው፣ በቂ ገቢ፣ ደኅንነት፣ ማኅበራዊ ዋስትናና የመደራጀት መብት ያለው ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ለሠራተኛው ፈርሞ መስጠት አለበት፤ ደብዳቤው አለመሰጠቱም የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ መሠረት ደግሞ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። እነዚህ በወረቀት ላይ ያሉ መብቶች የሚጸኑት ግን ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ድርጅት በአቅራቢያው ሲኖር ነው።

ሥራው ከማሳ ይጀምራል

የቢቸና አካባቢ በጤፉ ይታወቃል። ከእርሻ መሬቱ ሰፊው ክፍል ክረምት ውኃ የሚያቁር ጥቁር መረሬ አፈር በመሆኑ፣ ውኃውን ማጠንፈፍ የምርቱን መጠን ይወስናል። ጤፍ በብተና ሲዘራ በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ግራም ዘር ይወስዳል። በመስመር ሲዘራ ግን የሚመከረው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ነው። ይህ ዘር ይቆጥባል፣ አረም ለማረም ይመቻል፤ ብዙ ጉልበት መጠየቁ ደግሞ አርሶ አደሩን ሲያታክት ቆይቷል። መዝሪያና መውቂያ መሣሪያዎች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

ማሽን ሲገባ ሥራ አይጠፋም ማለት አይቻልም። ኮምባይነር በሰዓታት የሚያነሣውን ማሳ ብዙ አጫጆች በቀናት ይጨርሱት ነበር። የአጨዳው ሥራ ሲቀንስ በምትኩ የሹፌር፣ የመካኒክ፣ የበያጅና የመለዋወጫ ሻጭ ሥራ ይፈጠራል፤ ይህ የሚሆነው ግን ጥገናው በቢቸና ወይም በሞጣ ሲሰጥ ነው። ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ባለሙያ ከሩቅ ከተማ የሚጠራ ከሆነ ለአካባቢው የሚተርፈው የሥራው መቀነስ ብቻ ይሆናል። ኩታ ገጠም እርሻም ለዚህ ያግዛል። ማሳዎች ተያይዘው አንድ ዓይነት ሰብል ሲዘራባቸው አንድ ማሽን ብዙ ቀን ሥራ ያገኛል፤ ወጣቶችም በማኅበር ገዝተው ለማከራየት ያዋጣቸዋል።

ከአውድማ በኋላ

በሬ በሚያበራይበት አውድማ የተወቃ ጤፍ ከአፈርና ከጠጠር ጋር ይቀላቀላል። ለምሳሌ ከአንድ ኩንታል ውስጥ 3 ኪሎው ባዕድ ነገር ቢሆን፣ 100 ኩንታል የጫነ መኪና 3 ኩንታል ቆሻሻ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። አርሶ አደሩም ለዚህ በዋጋ ቅናሽ ይቀጣል። በሸራ ላይ ወቅቶ፣ በማበጠሪያ አጽድቶና በደረጃ ለይቶ መሸጥ ትልቅ ፋብሪካ አይጠይቅም። መጋዘን፣ የመብራት ኃይልና የሠለጠነ ሰው ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊሠራው ይችላል።

ተረፈ ምርቱም ሥራ አለው። ስንዴ ሲፈጭ ፍሩሽካ፣ ኑግ ሲጨመቅ ፋጉሎ ይገኛል፤ ሁለቱም ከጤፍ ጭድ ጋር ለከብት ማድለቢያ ይሆናሉ። በአካባቢው የተፈጨ ስንዴ ፍሩሽካው እዚያው ይቀራል። ሳይፈጭ የሄደውን ግን አርቢው ፍሩሽካውን የመጓጓዣ ጨምሮ መልሶ ይገዛዋል።

ፋብሪካ መገንባት ብቻውን ግን አይበቃም። በ2013 ዓ.ም በደብረ ማርቆስ የምግብ ዘይት ፋብሪካ፣ በቡሬም የዘይት ፋብሪካና የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቀዋል። ምሥራቅ ጎጃም ለቡሬው ፓርክ ግብዓት እንዲያቀርቡ ከታሰቡት አካባቢዎች አንዱ ነው። በእቅዱ መሠረት የገጠር ሽግግር ማዕከላት ምርቱን ከአርሶ አደሩ ተረክበው፣ ለይተውና አከማችተው ለፓርኩ ያቀርባሉ። ግብዓት ያጣ ፋብሪካ የሥራ ፈረቃ ይቀንሳል፤ ፈረቃ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሰናበተው አዲስ የተቀጠረው ወጣት ነው።

ይህን ለማስተካከል ከሚያግዙት አንዱ በ2015 ዓ.ም የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ነው። አርሶ አደሩና ገዢው ከዘር በፊት ስለ ምርቱ መጠን፣ ጥራት፣ ዋጋና ርክክብ ከተዋዋሉ፣ ፋብሪካው ግብዓቱን፣ አርሶ አደሩ ገበያውን አስቀድሞ ያውቃል። ውሉ የሚጸናው ሁለቱም ሲያከብሩት ነው። ዋጋ በወጣ ጊዜ ምርቱን ለሌላ መሸጥም፣ ዋጋ በወረደ ጊዜ አልረከብም ማለትም መተማመኑን ያፈርሰዋል።

የመንገድ ሰላም፣ የማይቆራረጥ መብራትና ብድር ያስፈልጋሉ፤ ያለ እነርሱ ማበጠሪያውም ወፍጮውም ይቆማል። ከእነዚህ ጋር ግን አርሶ አደሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ ስለ አዲስ ፕሮጀክት ሲነገረው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ግብዓቱን ማን፣ በምን ውል ያቀርባል? ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠግነው የት ነው? ሠራተኛውስ የቅጥር ደብዳቤና የጡረታ መዋጮ አለው? መልስ ከተገኘላቸው፣ ወደ ቆላ መውረድ ለቢቸናና ለሞጣ ወጣት ግዴታ ሳይሆን ምርጫ ሊሆን ይችላል።