ፒክአፕ ከፍ ሲደረግ ጎማው የት ድረስ ይወርዳል?

በካኩማና በካሎቤየይ የምንኖር ሁሉ ፒክአፕን በደንብ እናውቀዋለን። ዕቃችንን የሚያመጣልን፣ ታማሚ የሚያደርስልን፣ ለቅሶም ሠርግም የሚወስደን እሱ ነው። ከሎድዋር የሚመጣው ዋና መንገድ በቅርብ ዓመታት አስፋልት ቢለብስም፣ ወጣ ሲሉ አሸዋው፣ ድንጋዩና ላጋው (ደረቁ ወንዝ) እንዳለ ነው። ስለዚህ ባለ መኪናዎች ሆዱ መሬት እንዳይነካ ብለው ፒክአፓቸውን ከፍ ያስደርጋሉ። ሥራውን ከሚሠሩት መካከል እዚሁ ካምፕ ሙያውን የተማሩ ልጆቻችን አሉ። እንግዲህ ነገሩ የባለ መኪናው ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚሳፈረው ቤተሰብም፣ ቡሎን የሚያጠብቀው ወጣትም ያገባዋል።

ከሁሉ በፊት ልናውቀው የሚገባን አንድ ነገር አለ። መኪናን ከፍ ማድረግና ለጎማው መውጫና መውረጃ መጨመር አንድ አይደሉም።

ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ወደ ላይ፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ይሄዳል። ወደ ላይ ሲሄድ የሚያቆመው ከሻንሲው ሥር ያለው የላስቲክ መቆሚያ ነው። ወደ ታች ሲሄድ ግን ብዙ ጊዜ የሚያቆመው ሾክ አብዞርበሩ ነው። ለምሳሌ ሾኩ በጠቅላላው 20 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ቢሆንና መኪናው ቆሞ ሳለ መሐል ላይ ቢሆን፣ ወደ ላይ 10 ወደ ታችም 10 አለው ማለት ነው። አሁን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግነው እንበል። ሾኩ የድሮው ከሆነ ወደ ታች የቀረው 5 ብቻ ነው። 10 ከፍ ካደረግነውማ ምንም አልቀረውም! እንዲህ ያለ መኪና በየጉድጓዱ ‹ቋ› ይላል፤ ጎማው መሬቱን ይለቃል፤ ውሎ አድሮም የሾኩ ማያያዣ ይበጠሳል። አየር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሰማም።

ታዲያ ረጅም ሾክ ቢገጠምስ? ጥሩ ነው፤ ግን ረጅም ሾክ ሲታጠፍም ረጅም ነው። የላስቲክ መቆሚያው በዚያው ልክ ወደ ታች ካልወረደ፣ መቆሚያው ሳይነካ ሾኩ ቀድሞ ይጨርስና ይፈነዳል።

ከሾኩ ሌላ የሚረሱ ነገሮች አሉ።

የፍሬን ቱቦ። ጎማው እስከ መጨረሻው ሲወርድ ቱቦው መወጠር የለበትም። ከተወጠረ አንድ ቀን ይበጠሳል።

የፍሬን መመጠኛ። በብዙ ፒክአፖች ከኋላ አክስል ጋር በብረት የተያያዘ መመጠኛ አለ። መኪናው ሲጫን ለኋላ ፍሬን ኃይል ይጨምራል፤ ባዶ ሲሆን ይቀንሳል። መኪናው ከፍ ሲል መመጠኛው ባዶ የሆነ ይመስለዋል። ሰው ጢም ብሎ ተጭኖ እያለ የኋላው ፍሬን ይደክማል። ስለዚህ እንደገና መስተካከል አለበት።

ክሮቼራና ሴማክስ። ማዕዘናቸው ስለሚጨምር ቶሎ ይበላሉ። በተለይ የዘመኑ ሃይሉክስ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ብዙ ከፍታ አይችልም። የፊት አክስሉ ወጥ የሆነው ላንድክሩዘር 79 በዚህ በኩል ይሻላል፤ የፍሬኑና የሾኩ ጉዳይ ግን እሱንም ይመለከተዋል።

ብሎክ። በኋላ ባሌስትራና በአክስሉ መካከል የሚገባ ብረት ነው። ብሎክ በብሎክ ላይ መደረብ፣ እንጨት መጠቀም ወይም ከፊት ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖችም በልኩ ረዘም ያሉና አዲስ መሆን አለባቸው።

አንዳንዱ ደግሞ ባሌስትራ ላይ ቅጠል ይደራርባል። መኪናው ከፍ ይላል፤ ግን ይደርቃል። ጎማው አይወጣም አይወርድም፤ ተሳፋሪው ወገቡ ይቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ እኮ መኪናው የሚያስፈልገው የተኛውን ባሌስትራ በአዲስ መቀየር እንጂ ሌላ ከፍታ አይደለም።

ለጋራዥ ልጆች ቀላል መፈተኛ እንንገራችሁ። ሻንሲውን በክሪክ አንስታችሁ በጠንካራ መደገፊያ አስቀምጡት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ! ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የፍሬን ቱቦውን፣ ክሮቼራውንና ሾኩን እዩ። ከዚያ የሾኩ ዘንግ የሚታይ ከሆነ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩበትና መኪናውን በመጥፎ መንገድ ቀስ ብላችሁ ንዱት። ማሰሪያው የተገፋበት ቦታ ሾኩ ምን ያህል እንደታጠፈ ይነግራችኋል። ጫፍ ከደረሰ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት የጎማ አቅጣጫና የፊት መብራት ማስተካከልንም አትርሱ።

ለተሳፋሪዎች ደግሞ፦ ከፍ ያለ መኪና ክብደቱም ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ከላይ ሰውና ሻንጣ ሲጨመርበት ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀለዋል። አስፋልቱ ደግሞ ፍጥነት ይጋብዛል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ከታች ይሁን፤ ልጆች ጠርዝ ላይ አይቀመጡ። በየጉድጓዱ የብረት ድምፅ ከሰማችሁ ወይም መኪናው ሲቆም ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ‹ሹፌር፣ ቀስ በል፣ እየው› በሉት። ቢቆጣም ይቆጣ፤ መብታችሁ ነው።

ባለ መኪናው ‹ከፍ አድርገው፣ ሌላው ይቅር› ሊል ይችላል። ያኔ ለሙያተኞቻችን የምንለው ይህ ነው፤ ሾኩና ፍሬኑ ካልተስተካከለ ሥራውን አትቀበሉ። ያቺ መኪና ነገ የምትጭነው የጎረቤቶቻችሁን ልጆች ነው።