አዳፕተር ቅርጽ እንጂ ጉልበት አይለውጥም

ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። አስም አለበት፤ ክረምት ሲገባ ይብስበታል። ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ ሐኪም ቤት የምናድርባቸውን ሌሊቶች ስለምታውቅ፣ መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጎ በጭምብል የሚሰጠውን መሣሪያ፣ ኔቡላይዘሩን ማለቴ ነው፣ በሰው ላከችልን። ከሻንጣ ሲወጣ ቤተሰቡ ሁሉ ከብቦ ነው ያየው። እናቴ እህቴን መርቃ አልጠግብ አለች።

ስፒናው ግን እንደኛ አገር አይደለም። ሁለት ጠፍጣፋ ምላስ ነው ያለው፤ የኛ ሶኬት ቀዳዳው ክብ ነው። ችግሩ ይኼው ብቻ መስሎኝ መርካቶ ወርጄ «ለሁሉም አገር ይሆናል» የተባለ አዳፕተር ገዛሁ። ሻጩ የምን ዕቃ እንደምሰካበት አልጠየቀኝም፤ እኔም ስለ ቮልት አላነሳሁም። ቤት ገብቼ ስፒናውን ስከተው ልክክ አለ። ያ በቂ መስሎኝ መሣሪያውን ሳላስነሳው ለክፉ ቀን ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ክፉው ቀን ሐምሌ ላይ መጣ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጁ ደረት ማፏጨት ጀመረ። መድኃኒቱን ጨመርኩ፣ ጭምብሉን አጠለቅኩለት፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። መሣሪያው እንደ ወፍጮ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፤ ከሆዱ ጭስ ወጣና ጸጥ አለ። ጭምብሉን ከልጄ ፊት ላይ መንጭቄ ስፒናውን ነቀልኩ። ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቅልለነው በዝናብ ታክሲ ፍለጋ ወጣን። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተሰጥቶት ሊነጋጋ ሲል ቀለል አለው። እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ መሣሪያውን ገልብጬ ከሥሩ የተጻፈውን አንድ መስመር ባለማንበቤ ነው።

ያንን መስመር ያነበቡልኝ የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩትና «120 ቮልት ብቻ ይላል እኮ ልጄ» አሉኝ። የኛ ቤት መብራት 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካው 120። «አዳፕተር በር ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም። ስፒናውን ያስገባል፤ የሚመጣውን ኃይል አይፈትሽም።»

ሒሳቡንም አስረዱኝ። ለ120 ቮልት የተሠራ፣ ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ 220 ላይ ሲሰካ የሚስበው ኃይል እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ ነው ከአሜሪካ የመጣ ካውያ ወይም የፀጉር ማድረቂያ እዚህ አንዴ ቦግ ብሎ የሚቀረው። ቮልቱን የሚለውጠው ትራንስፎርመር ነው፤ እሱም ከባድ ነው፤ ዋቱ ከዕቃው ዋት በልጦ ካልተገዛ ራሱም ይቃጠላል።

በዓመቱ እህቴ ልትወልድ ሆነና እናቴ ልታርሳት ቨርጂኒያ ለመሄድ ተነሣች። የዚያን ጊዜ ሻንጣዋን የፈተሽኩት እኔ ነኝ፤ ጉምሩክም እንደዚያ አይፈትሽም። በሶው፣ የአጥሚቱ እህል፣ በርበሬው አንድ ወገን፤ ስፒና ያለው ዕቃ ሁሉ ሌላ ወገን። አንዱን ከሌላው እየገለበጥኩ አነበብኩ። የምንፈልገው ጽሑፍ «ኢንፑት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቀጥሎ ያለው ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ከሆነ ዕቃው ዓለምን ይዞራል፤ የሚያስፈልገው ቅርጽ የሚለውጥ አዳፕተር ብቻ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ፣ 220 ወይም 120 ካለ ግን የተሠራለት አገር ይቅር።

የእናቴ ስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ይላል፤ አለፈ። ዛሬ የሚሸጡ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው። የደም ግፊት መለኪያዋ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ እሱም አለፈ። ካውያዋ 220 ብቻ ስለሚል ቀረ። ጭቅጭቁ የተነሣው ምጣዱ ላይ ነው።

«አራስ ቤት ያለ እንጀራ!» አለች እናቴ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን በጋቢ ጠቅልላ አዘጋጅታው ነበር። የኛ ምጣድ 220 ቮልት ነው፤ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። የአሜሪካ ተራ ሶኬት ላይ ቢሰካ ጉልበቱ ከሲሶ በታች ይወርዳል፤ ሊጥ ያደርቃል እንጂ ዓይን አያወጣም። በትራንስፎርመር እንኳ አይሆንም፤ እዚያ ተራው የቤት ሶኬት 15 አምፒር፣ ማለትም 1,800 ዋት ያህል ነው የሚችለው። እህቴን ስልክ ላይ አውጥቼ ነው ያስማማኋቸው። እዚያ ያሉ አበሾች ለኖርዌዮች ቂጣ፣ ለሌፍሴ ተብሎ በተሠራ ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ እንጀራ ይጋግራሉ፤ እህቴም አላት። እናቴ ተኮሳትራ ምጣዷን ወደ ማድ ቤት መለሰች። (ስትመለስ ግን የኖርዌዩን መጋገሪያ እያመሰገነች ነው የመጣችው።)

ፓወር ባንኩን ከትልቁ ሻንጣ አውጥቼ በእጅ ቦርሳዋ አደረግኩት። በጭነት ሻንጣ መግባት አይፈቀድም፤ የሊቲየም ባትሪ ከተቀጣጠለ ሰው ሊደርስለት በሚችልበት በመንገደኞች ክፍል መሆን አለበት። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ የተለመደው 20 ሺህ ሚሊአምፒር ሰዓቱ ፓወር ባንክ 74 ያህል ስለሆነ ችግር የለበትም። ቋንቋ ለማትችል እናት ስልኳ መንገድ ላይ ባትሪ ቢጨርስ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ልጆቻችሁ ሌላ አገር ካሉ ነገሩ ይለያያል። ጀርመንና ፈረንሳይ የስልካችን ቀጭን ባለሁለት ክብ ስፒና እንዳለ ይገባል፤ አዳፕተር ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። ጣሊያንም ቀጭኑ ይገባል፤ ወፍራሙ ግን እንቢ ሊል ይችላል። እስራኤል የራሷ ባለሦስት ጣት ሶኬት ቢኖራትም ቀጭኑን የስልክ ስፒና ይቀበላል። ካናዳ እንደ አሜሪካ ነው። ዱባይ፣ እንግሊዝና ጎረቤታችን ኬንያ ሦስት ወፍራም አራት ማዕዘን ጣት ያለው ስፒና ነው የሚጠቀሙት፤ ቮልቱ ለኛ ዕቃ ይስማማል፣ ቅርጹ ብቻ ነው የሚለየው።

በነገራችን ላይ ከዱባይ የተመለሱ ዘመዶቼ የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ወግተው ባለሁለቱን ስፒና ሲያስገቡ አይቻለሁ። ያ ቀዳዳ የመሬት መስመሩ ነው። ረጅሙ ጣት እዚያ ሲገባ የታችኞቹን ቀዳዳዎች የሚዘጋውን መጋረጃ ይከፍታል፤ መጋረጃው የተሠራውም የሕፃን ጣት ወይም ሚስማር እንዳይገባ ነው። የልጅ ልጅ እያየ ሶኬት በእስክሪብቶ መውጋት ምን ማስተማር እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ስለ አዳፕተሩ ጥራት ትንሽ ልበል። ሲሰካ የሚወዛወዝ፣ የሚያጭር ወይም ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ርካሽ አይደለም። ስፒናው የመሬት መስመር ያለው ዕቃ ከሆነ ባለሁለት ጣት አዳፕተር ላይ አትሰኩት፤ ይሠራል፣ ግን ጥበቃው ተቋርጧል። እኔ ለአንድ አገር ብቻ የተሠራውን ትንሿን አዳፕተር እመርጣለሁ። ያ «ለሁሉም አገር» የሚባለው ባለብዙ ምላስ ነገር ከግድግዳ ላይ በክብደቱ ሲወርድ ስንቴ አይቻለሁ።

እናቴ ቨርጂኒያ ሦስት ወር ተቀመጠች። ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት በቪዲዮ ደወለችልኝ፤ እህቴ ጨቅላውን አቅፋ አጠገቧ ቆማለች፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ናቸው። እናቴ የካርቶኑን ጎን ወደ ካሜራው አስጠግታ «እስቲ አንብቢልኝ፣ ቁጥሩ አንድ ነው ሁለት?» አለችኝ። 120 ብቻ ነበር። መለሰችው። ሁለተኛውንም መለሰችው። ሦስተኛው ከ100 እስከ 240 ይል ነበር።

ይህ ኔቡላይዘር አሁን ከልጄ አልጋ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነው። እንደመጣ ጋሼን ጠርተን በጠራራ ፀሐይ፣ ልጁ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ሩብ ሰዓት አሠራነው። አዳፕተሩን እናቴ በነጭ ክር ከገመዱ ጋር አስራዋለች፤ ማንም ለስልክ ቻርጅ ፈትቶ እንዳይወስደው።