ሊሬን ያልተቀበለ ገበያ፣ ቢትኮይንን ያልተቀበለ ሕዝብ

የጣሊያን ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ከገባ ከጥቂት ወራት በኋላ ሊሬ የአገሩ ሕጋዊ መገበያያ ነው ተብሎ ታወጀ። ጠገራ ብር የሚባለው የማርያ ትሬዛ ብርም ከገበያ እንዲሰበሰብ ተወሰነ። የደጋው ገበሬ ግን እህሉን በወረቀት አልሸጥም አለ። ጎንደር አጠገብ አዘዞ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ የሠራ መንግሥት አንድ ቁና ጤፍ በራሱ ገንዘብ መግዛት አቃተው። የሚያስቀው ደግሞ ሮም ራሷ የማርያ ትሬዛን ማተሚያ ከኦስትሪያ ተረክባ ከወረራው ዋዜማ ጀምሮ ጠገራ ብር ትቀርጽ ነበር፤ በአዋጅ የከለከለችውን በጓሮ ታመርታለች ማለት ነው።

ጉዳዩ የአገር ፍቅር ብቻ አልነበረም። ጠገራ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ ከ23 ግራም በላዩ ንጹሕ ብር ነው። መንግሥት ቢወድቅ ብረቱ አይወድቅም። ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው መልክ ያስቀረጹትን ብር እንኳ ብዙው ሰው ከማርያ ትሬዛ አሳንሶ ነበር የሚቀበለው። ገበያተኛው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ተቀብዬ ነገ ለማን እሰጠዋለሁ?

የመካከለኛው አሜሪካዋ ኤል ሳልቫዶር ይህንኑ ጥያቄ በ2013 ዓ.ም. ዘለለችው። ፕሬዚዳንት ናይብ ቡኬሌ ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ከዶላር እኩል ሕጋዊ ገንዘብ ያደረገውን ሕግ ጳጉሜን 2 ቀን ሥራ ላይ አዋሉ። በዚያው ቀን የአንዱ ቢትኮይን ዋጋ ከ52 ሺህ ዶላር አካባቢ ወደ 43 ሺህ አሽቆለቆለ። ከሳምንት በኋላ፣ መስከረም 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በነጻነት በዓላቸው ዕለት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዋና ከተማዋ ሳን ሳልቫዶር አደባባይ ወጡ፤ የመንግሥት የቢትኮይን ማሽንም ተቃጠለ።

ቁጣውን የቀሰቀሰው የሕጉ አንቀጽ 7 ይመስለኛል። ነጋዴው ቢትኮይን ሲቀርብለት መቀበል አለበት ይል ነበር። መንግሥት በቢትኮይን መተግበሪያው ለተመዘገበ ሁሉ 30 ዶላር ሰጠ፤ ብዙዎች እሷን አውጥተው መተግበሪያውን ዘጉት። ከውጭ ገንዘብ መላኪያው ይረክሳል የተባለውም አልሆነም፤ በዚህ መንገድ የተላከው ከጠቅላላው 2 በመቶ ያህል እንኳ አልዘለቀም።

ቢትኮይን ከዚያ ወዲህ ዋጋው ወጥቷል፣ ወርዷል፤ ገዝቶ ያተረፈም አለ። ይህ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ዋጋው ይጨምራል ተብሎ የሚያዝን ነገር ማንም ጨው ሊገዛበት አያወጣውም፤ ይወርዳል ተብሎ የሚፈራውን ደግሞ ባለ ጨው አይቀበልም። በሁለቱም በኩል ግብይት አይቆምበትም። በመጨረሻም ከዓለም የገንዘብ ድርጅት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ስትፈልግ ኤል ሳልቫዶር ሕጉን በጥር 2017 ዓ.ም. አሻሻለች፤ ግዴታው ቀረ።

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ከኤል ሳልቫዶር የተሻለ ልምድ አላት። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ሲወጣ መንግሥት ሕዝቡ ወረቀት እንደሚጠረጥር ያውቅ ነበር። ስለዚህ የ50 ሳንቲሙን ዝርዝር ከእውነተኛ ብር አስቀረጸ። ሰው ብረቱን በእጁ ይዞ ወረቀቱን ለመደ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች በሦስት ወር ውስጥ ሲቀየሩም ግርግሩ የወረፋ እንጂ የእምቢታ አልነበረም፤ የትናንቱ 100 ብር ዛሬም 100 ብር ነበርና።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. እንደ ቢትኮይን ባለ ክሪፕቶ መገበያየት ክልክል ነው አለ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ግን ከዚያ ወዲህ ለቢትኮይን አምራቾች በዶላር መብራት ሸጧል። ሁለቱ አይጣሉም፤ መብራት መሸጥ ንግድ ነው። ነገር ግን ነገ አንድ ባለሥልጣን «ለምን እኛም ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘብ አናደርገውም?» ቢል፣ ወይም ዲጂታል ብር ይውጣ ቢባል፣ የአዘዞ ነጋዴ እንዲቀበል ከመገደዱ በፊት ያለ ቅናሽና ያለ ወረፋ ወደ ጥሬ ብር መመንዘር መቻሉ ይረጋገጥ። አንቀጽ 7ን ግን ማንም አይቅዳ።