የምርት ዘመኑ ወይስ ድምፁ? የቀድሞ ሞዴል ቤዝ ጊታሮችን በፊዚክስ ዓይን ማነጻጸር

በአንድ ባንድ ውስጥ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣው መሣሪያ ቤዝ ጊታር ነው። ብዙ ጊዜ ለብቻው ተለይቶ አይደመጥም፤ ሲጠፋ ግን ሙዚቃው መሠረቱ እንደ ተናደ ቤት ይሆናል። የዋልያስንና የሮሃ ባንዶችን ሥራዎች ያዳመጠ አንባቢ ለዚህ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ይህን መሣሪያ ለመግዛት የሚነሣ ሰው በቅድሚያ የሚገጥመው ክርክር ግን ስለ ድምፅ ሳይሆን ስለ ዓመት ነው። ሻጩ «ይህ የ1962 ነው፤ ያኛው የ1975 ነው» ይላል፤ ዋጋውም ዓመቱን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ለመሆኑ ዓመቱ በድምፁ ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው? ብዙ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊትስ ይህን እንዴት ልንመረምር እንችላለን? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በፊዚክስ ሕግጋት እየታገዝን እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ዓመታት

ሊዮ ፌንደር «ፕሪሲሽን ቤዝ» የተባለውን ጊታር በካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው በ1951 ነበር። በ1957 የዚሁ ጊታር ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ ለሁለት የተከፈለ ሆነ። በ1960 ደግሞ ሁለት ፒክአፖችና ቀጠን ያለ አንገት ያለው «ጃዝ ቤዝ» ተከተለ። በ1965 ኩባንያው ለሲቢኤስ ተሸጠ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ቅቡ፣ የአንገቱ አሠራርና የፒክአፑ አቀማመጥ ቀስ በቀስ ተለዋወጡ።

በ1982 ፌንደር የ1957ቱንና የ1962ቱን ሞዴሎች እንደገና መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በርካታ ተመሳሳይ ምርቶች ወጥተዋል። ስለዚህ «የ1962 ጊታር» የሚለው አነጋገር ሁለት ትርጉም አለው፤ በ1962 የተሠራ ወይም የ1962ቱን መልክ ይዞ ከሃያና ከአርባ ዓመታት በኋላ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ገዢው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው «የየትኛው ዓመት ሞዴል ነው? በየትኛው ዓመትስ ተሠራ?» ብሎ ነው።

አንድ ሴንቲ ሜትር ምን ይለውጣል?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጃዝ ቤዝ የኋለኛው ፒክአፕ ወደ ብሪጁ፣ ማለትም ክሩ በአካሉ በኩል ወደሚያርፍበት ብረት፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ተጠጋ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል። እስቲ እናስላው።

የሚንቀጠቀጠው የክር ክፍል ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ነው። ክሩ ሲነካ በአንድ ድግግሞሽ ብቻ አይንቀጠቀጥም፤ ከመሠረታዊው ንዝረት ጋር ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ ድግግሞሽ ያላቸው ሃርሞኒኮች አብረው ይነሣሉ። ፒክአፑ የእያንዳንዱን ሃርሞኒክ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚወስነው ከብሪጁ ያለው ርቀት ነው። ርቀቱን ለክሩ ርዝመት አካፍለን በ180 ዲግሪና በሃርሞኒኩ ተራ ቁጥር እናባዛለን፤ የሚገኘው አንግል ሳይን መልሱ ነው።

በቀድሞው አቀማመጥ ርቀቱ 64፣ በኋለኛው 54 ሚሊ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ የመሠረታዊው ንዝረት መጠን ከ0.23 ወደ 0.195 ዝቅ ይላል። ይህም 15 በመቶ ያህል ቅናሽ ነው። የሰባተኛው ሃርሞኒክ ቅናሽ ግን 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ወፍራሙ ድምፅ ሲቀንስ ቀጭኑ ማለት ይቻላል ባለበት ይቆያል። ስለ 1970ዎቹ ጃዝ ቤዝ «ጠራ ያለና ሹል ድምፅ አለው» ሲባል ቢያንስ በከፊል ምክንያቱ ይህ ነው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ፤ ልዩነቱን የፈጠረው የእንጨቱ ዕድሜ ሳይሆን ርቀቱ ነው። አዲስ ጊታር ላይ ፒክአፑን በዚያው ቦታ ብናስቀምጠው ይኸው ውጤት ይገኛል።

ኬብሉም የመሣሪያው አካል ነው

ፒክአፕ በማግኔት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በመሆኑ ኢንደክታንስ አለው። ጊታሩን ከአምፕሊፋየር ጋር የሚያገናኘው ኬብል ደግሞ ካፓሲታንስ አለው። ሁለቱ ሲገናኙ በአንድ የተወሰነ ድግግሞሽ ላይ ድምፁን የሚያጎላ ሬዞናንስ ይፈጠራል። ለምሳሌ የፒክአፑ ኢንደክታንስ 3.6 ሄንሪ፣ ጠቅላላው ካፓሲታንስ 600 ፒኮፋራድ ቢሆን ሬዞናንሱ 3,400 ሄርዝ አካባቢ ይውላል። ኬብሉ ረዝሞ ካፓሲታንሱ 1,000 ፒኮፋራድ ቢደርስ ወደ 2,650 ሄርዝ ይወርዳል፤ ድምፁም ይደበዝዛል። አንዱን ጊታር በአጭር፣ ሌላውን በረጅም ኬብል የሚያዳምጥ ሰው የሚያነጻጽረው ጊታሮቹን ሳይሆን ኬብሎቹን ሊሆን ይችላል።

የክሮቹ ነገርም እንዲሁ ነው። ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመበት ክር ለስላሳና ደፈን ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት ደግሞ የሚያበራ ድምፅ ይሰጣል። ዝነኛው ጄምስ ጀመርሰን በ1962 ፕሪሲሽን ቤዙ ላይ የሚጠቀመው ጠፍጣፋውን ነበር። ድምፁን ፈልጎ የጊታሩን ዓመት ብቻ የሚገዛ ሰው ዋናውን ነገር ሱቁ ውስጥ ትቶት ሊወጣ ይችላል።

በአገራችን ልዩ ትኩረት የሚሻ ሌላም ነጥብ አለ። የመብራት ኃይላችን ድግግሞሽ 50 ሄርዝ ነው። ይህም ከቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41.2 ሄርዝና ከቀጣዩ 55 ሄርዝ መካከል ይወድቃል። ለሁለት የተከፈለው የ1957 ፒክአፕ ጥምጥሞቹ ተቃራኒ በመሆናቸው ከመብራት መስመር የሚመጣውን እዝታ ያጣፋል። የጃዝ ቤዝ ነጠላ ፒክአፕ ለብቻው ሲከፈት ግን እዝታውን ይለቅማል። ስለሆነም እያንዳንዱን ፒክአፕ ለየብቻ ከፍቶ ማዳመጥ ይገባል።

ፍትሐዊ ፈተና እንዴት ይደረጋል?

በቤተ ሙከራ እንደምናደርገው ሁሉ፣ ከአንዱ ተለዋዋጭ በቀር ሌላውን ሁሉ እኩል ማድረግ ያስፈልጋል፤ ተመሳሳይ ክር፣ አንድ ኬብል፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ተጫዋች፣ አንድ ዜማ። የድምፁም መጠን እኩል መሆን አለበት። ጆሮአችን ዝቅተኛ ድግግሞሾችን አጥርቶ የሚሰማው ድምፁ ከፍ ሲል ነውና፣ ጥቂት የጎላው ጊታር ሁልጊዜ «ወፍራም» መስሎ ይታያል።

ከዚያም አድማጩ ፊቱን አዙሮ ይቀመጥና ጓደኛው ሁለቱን ጊታሮች በዕጣ እየለዋወጠ ስምንት ጊዜ ይጫወትለት። ስምንቱንም በግምት ብቻ የማወቅ ዕድል ከ256 አንድ ነው። አምስትና ከዚያ በላይ የማወቅ ዕድል ግን 36 በመቶ ስለሆነ አምስት ማግኘት ምንም አያረጋግጥም። ልዩነቱን መለየት ካልተቻለ፣ የዋጋው ልዩነት የሚከፈለው ለታሪኩ እንጂ ለድምፁ አይደለም። ለታሪክ መክፈል ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ምን እንደምንገዛ አውቀን እንክፈል።

ዓመቱን ማጣራት

ጊታሩ በእርግጥ አሮጌ ነው ከተባለ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ላይ የተመቱትን ቁጥሮች ማንበብ ይጠቅማል። ለምሳሌ 1376542 የሚለው ቁጥር ሲነበብ 137 አምራቹን ሲቲኤስን፣ 65 ዓመቱን፣ 42 ደግሞ ሳምንቱን ያመለክታል። ጊታሩ ከዚህ ቀን በፊት ሊሠራ አይችልም፤ መቆጣጠሪያው በኋላ ተለውጦ ከሆነ ግን ቁጥሩ ስለ ጊታሩ አይናገርም።

ከዓመቱ ይልቅ የሚያሳስበው አንገቱ ነው። በውስጡ የተቀበረው የብረት ዘንግ የክሮቹን ጉተታ ይመክታል። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች የዘንጉ ማጥበቂያ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት በኩል ስለሚገኝ ለማስተካከል ብዙ ጊዜ አንገቱን መፍታት ያስፈልጋል። የተጣመመ አንገትና የማይዞር ዘንግ ያለውን ጊታር የትኛውም ዓመት አያድነውም።

በመጨረሻም እንጨቱ ሕግ አለበት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ብዙ ጊታሮች ላይ የሚገኘው የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት ሳይትስ በተሰኘው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግበታል። ሰነድ የሌለውን እንዲህ ያለ ጊታር ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ገንዘቡንም መሣሪያውንም ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ የጊታር ገዢ ሦስት ነገሮችን ይዞ ወደ ገበያ ቢወጣ መልካም ነው፤ የራሱን ኬብል፣ ቁጥር የሚያነብ ዓይንና የማያዳላ ጓደኛ። ዓመቱን ሻጩ ይነግረናል፤ ድምፁን ግን ራሳችን መፈተን አለብን።