ሳተላይቶች የምድርን ውኃ ሲመዝኑ የአየሩ ክብደት እንዴት ይቀነሳል?

እህሉን በጆንያ ሞልቶ ለገበያ ያቀረበ አርሶ አደር፣ ሚዛኑ ላይ የሚነበበው ቁጥር የእህሉ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ሂሳቡ የሚሠራው የጆንያው ክብደት ተቀንሶ ነው። የምድርን ውኃ ከሕዋ የሚመዝኑ ሳተላይቶችም እንዲሁ መቀነስ ያለባቸው ክብደት አለ። የእነርሱ ጆንያ አየር ሲሆን፣ ክብደቱም በየሰዓቱ ይለዋወጣል።

የአሜሪካው የሕዋ ተቋም ናሳ ከጀርመን የሕዋ ማዕከል ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ በ2002 ግሬስ የተሰኙ መንትያ ሳተላይቶችን አመጠቀ። የእነርሱ አገልግሎት በ2017 ካበቃ በኋላ፣ በ2018 ተተኪዎቻቸው ወደ ሕዋ ተልከዋል። ሁለቱ ሳተላይቶች 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በመካከላቸው 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ይዘው ተከታትለው ይዞራሉ።

ውኃ ክብደት ስላለው ስበትም አለው። ክረምት ላይ አፈሩና ከርሰ ምድሩ ውኃ ሲይዝ የአካባቢው የስበት ኃይል በጥቂቱ ይጨምራል፤ በድርቅ ጊዜ ደግሞ ይቀንሳል። ፊት ያለው ሳተላይት ብዙ ክብደት ወዳለበት ሥፍራ ሲቃረብ ቀድሞ ስለሚሳብ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል። መሣሪያዎቹ ከሰው ጸጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰውን ይህን ለውጥ ይለካሉ።

ችግሩ ስበት የውኃን ክብደት ከአየር ክብደት ለይቶ አለመናገሩ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 10 ቶን ያህል አየር ተጭኗል። እንደ ባሕር ዳር ባለ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኝ ከተማ ደግሞ ወደ 8 ቶን ይጠጋል። የአየር ግፊት በአንድ ሄክቶፓስካል ብቻ ሲጨምር፣ መሬቱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ውኃ የተኛ ያህል ክብደት ይጨመራል። አየሩ ካልተቀነሰ፣ ነፋስ ያመጣው ለውጥ ዝናብ ያመጣው መስሎ ሊታይ ይችላል።

የወሩን አማካይ መውሰድ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ሳተላይቶቹ ምድርን በሚገባ ለመሸፈን አንድ ወር ገደማ ሲፈጅባቸው፣ አየሩ ግን በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል። በአንድ ሥፍራ ላይ የሚያልፉት አልፎ አልፎ በመሆኑ፣ የዚያች ቅጽበት ግፊት የወሩን ውጤት ያዛባል። ስሕተቱም በካርታ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ መስመሮች ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ በፖትስዳም የሚገኘው የጀርመን የምድር ሳይንስ ምርምር ማዕከል፣ ከአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል በሚያገኘው መረጃ የአየሩንና አየሩ የሚያንቀሳቅሰውን የውቅያኖስ ውኃ ክብደት በየ3 ሰዓቱ ያሰላል። ይህም ከሳተላይቶቹ ልኬት ይቀነሳል። ሆኖም ስሌቱ ፍጹም አይደለም። የትንበያው ሞዴል በ2006 እና በ2010 ሲሻሻል፣ በእውን ያልተከሰተ የግፊት ዝላይ በመረጃው ውስጥ በመታየቱ ተጨማሪ እርማት አስፈልጓል። ዝላዩ በይበልጥ የሚታየው የመሬት ከፍታ በሚለዋወጥባቸው ተራራማ አካባቢዎች በመሆኑ፣ ጉዳዩ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ የደጋ አገሮችም የሚመለከት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ፍሬ አፍርቷል። በግሬስ መረጃ የተሠራና በ2009 የታተመ ጥናት፣ በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ከ2002 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት 109 ኪሎ ሜትር ኩብ የከርሰ ምድር ውኃ መመናመኑን አሳይቷል፤ ዋና ምክንያቱም ለመስኖ የሚሳበው ውኃ ነው።

ሳተላይቶቹ በግልጽ የሚያዩት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሰፋን አካባቢ ነው። እንደ ዓባይ ያለ ሰፊ ተፋሰስ የያዘው ውኃ መጨመሩን ወይም መቀነሱን ሊናገሩ ይችላሉ፤ የአንድን ቀበሌ ጉድጓድ ግን አያዩም። የጉድጓዱን ውኃ ከፍታ በየጊዜው ለክቶ መመዝገብ ዛሬም የሰው ሥራ ነው። ከሕዋ የሚመጣው ቁጥር የሚታመነውም፣ በመሬት ላይ ከተመዘገበው ጋር ሲመሳከር ነው።